ከስፖኪዮዬ የጠፉት ዋስ

በሐምሌ የመጨረሻ እሑድ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ወደ አንኮበር የሄድኩት ሚስቴን ለመመለስ ነው። ጉብኝት አልነበረም። የነገሥታቱን አምባ ማየት የሚፈልግ ሰው በጥቅምት ይሂድ፤ ያኔ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ከጫፉ ላይ ቆሞ የአፋርን ሜዳ ማየት ይችላል። እኔ የሄድኩት መንገዱም ሰማዩም በማይታይበት ወር ነው፤ ሌላ ወር አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የአስካለ እናት በግንቦት አረፉ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አርባቸው ሲወጣ ግን አልሄድኩም። መምህር ነኝ፤ የፈተና እርማት ተቆልሎብኝ ነበር። ዝናቡም ጀምሮ ስለነበር «መንገዱ ተበላሽቷል አሉ» ብዬ በስልክ ቀረሁ። መንገዱ እንዳልተበላሸ አስካለ ታውቃለች፤ ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ መጥቶ አልቅሶ ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ ቤት ቀረች። ስደውልላት አታነሳም።

አባቷ አቶ ደምሴ በሰው የላኩብኝ ቃል አጭር ነበር። «የጋብቻው ዋስ ይምጣና ያናግረኝ። ዋሱ ሳይመጣ እሱ ደጄን እንዳይረግጥ። ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነገሩ በሽማግሌ አይደለም፣ በፍርድ ቤት ነው።» ፍልሰታ የሚገባው ሐሙስ ነው። ዋሳችን ጋሽ ተሰማ ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት በዚያው ግቢ ቆመው «ቢበድላት እኔን ጠይቁኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ብርድ አይወዱም። ስጠይቃቸው ግን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ቃል እኮ ነው፤ ቃል ደግሞ ክረምት አይልም» አሉኝ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ማደያው

መምሬ ወልዴ ከቅዳሴ እስኪወጡ ጠብቀን አራት ሰዓት ላይ ከከተማው መውጫ ማደያ ተገናኘን። ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው፦ ዋሱ ጋሽ ተሰማ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ወልዴ፣ እና ጡረታ የወጡት የቀድሞ ባልደረባዬ ጋሽ ንጉሤ። የኔ መኪና ቪትዝ ናት። የጋሽ ተሰማ ጉልበት ደግሞ ቪትዝ ውስጥ አይታጠፍም። ስለዚህ እሳቸውን የወንድማቸው ልጅ ዳዊት በፒካፕ ሊያመጣቸው ተስማማን።

«መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ፣ ቅደም» አለኝ ዳዊት። «ጋሼ ካመማቸው ወይም መቆም ካስፈለገን ብልጭ ብልጭ አደርግልሃለሁ። ያኔ ቁም።»

«እሺ» አልኩ። ቀላል ነገር ነው የመሰለኝ።

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ስለ ስፖኪዮዬ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። የግራው አዲስ አበባ ቆሜ ሳለ ተሰርቋል። የታርጋ ቁጥሬ ተቀርጾበት እንኳ ሌባው አላፈረም። በምትኩ ደብረ ብርሃን መስታወት ቤት ወስጄ የቤት መስታወት በልኩ አስቆርጬ አስለጠፍኩ። ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። የመኪናው ስፖኪዮ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ የቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ መላጨት ይቻልበታል፣ መንዳት ግን ያስቸግራል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ውኃው አይንሸራተትም፤ እንደ ኩፍኝ ፍጥጥ ብሎ ይቀራል።

ማደያው ውስጥ መኪና የምታጥብ ሴት ስፖኪዮውን በእጄ ስጠርግ አይታ ሳቀች።

«ጋሼ፣ በእጅህ ስትነካው እኮ ቅባት እየጨመርክበት ነው። ደረቅ ሳሙና ቀባው።»

«ሳሙና?»

«የልብስ ሳሙና። በደረቁ ስስ አድርገህ ቀባና በደረቅ ጨርቅ እሸው፣ እስኪጠፋ። ውኃው አይይዝብህም።»

አንድ ቁራጭ ሳሙና ሰጠችኝ፤ ብር ልሰጣት ስል አልቀበልም አለች። እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። መስታወቱ እርጥብ ነው፣ ጨርቄም እርጥብ ነው፤ ሳሙናውን ወፍራም አድርጌ ለቀለቅኩት። «እስኪጠፋ እሸው» ያለችኝን ዘለልኩት። ሃያ ዓመት ተማሪን «መመሪያውን አንብብ» ስል የኖርኩ ሰውዬ ነኝ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ከከተማ ወጥተን

ደጋው ሜዳ አረንጓዴ ነው፤ ገብሱ ቁርጭምጭሚት አልፏል፣ ባቄላው አበባ ሊይዝ ነው። የድንጋይ አጥሮችና የድንጋይ ቤቶች በዝናቡ ጠቁረው አመድ መስለዋል። በጎች ዝናቡን ጀርባ ሰጥተው ቆመዋል። ከዚህ ውጭ የማስታውሰው ነጭ አረፋ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ሳሙናው ከስፖኪዮው ላይ መፍላት ጀመረ። አረፋው እየተንጠባጠበ በሩን ታች ድረስ አጥቦታል። በመስታወቱ ውስጥ የዳዊት ፒካፕ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል።

ቆሜ ወጣሁ። ዳዊትም ከኋላ ቆመ። አረፋውን በጠርሙስ ውኃ አጠብኩት፤ በሸሚዜ ጠረግኩት። ጋሽ ተሰማ ከፒካፑ መስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ምን ሆነሃል ልጄ? ልብስ እያጠብክ ነው?»

«ስፖኪዮው ነው ጋሼ።»

«ተወው፣ እኛ ከኋላህ ነን። ወደ ፊት እይ።»

ሳቁ፤ ሲስቁ ሳላቸው ተነሳ፣ ቶሎ መስኮቱን ዘጉ። ያየኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ አይደለም፤ ግን በዚያ ቀን ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

አምስት ሰዓት፣ ጉም

ወደ ገደሉ ጫፍ ስንጠጋ ጉሙ ወረደ። ከፊቴ ሃያ እርምጃ አይታይም። ስፖኪዮው አሁን ከሳሙናው ጸድቷል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ሄደ። ሦስት ሰው ተዘግቶ ይተነፍሳል፤ የጎኑ መስታወት ከውስጥ ደፈነ። መስታወት የሚያደርቀው የመኪናዬ ማራገቢያ ከሞተ ሁለት ክረምት ሆኖታል። ስፖኪዮው ቢጠራም እሱን የማይበት የበሩ መስታወት ነጭ ሆነ።

መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረግኩ። ወዲያው ጠራልኝ፤ ስፖኪዮው ውስጥ የፒካፑ መብራት ታየኝ፤ ሁለት ቢጫ ነጥብ።

«ልጄ፣ መስኮቱን» አሉ መምሬ ወልዴ ከኋላ ወንበር።

«ትንሽ ነው መምሬ፣ መስታወቱ እንዲደርቅ ነው።»

«ከቅዳሴ ወጥቼ ገላዬ ሞቋል። ብርድ ከመታኝ ሳምንት አልነሳም። ደግሞ ነፋሱ የሚገባው በኔ በኩል ነው።»

ጋሽ ንጉሤም ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ። «እኔም አንገቴን ይዞኛል» አሉ በትሕትና።

በዚህ አገር አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልሳ ሰው ቢታፈንም መስኮት የሚከፍት የለም። ነፋስ ይገድላል፤ መታፈን አይገድልም። ከሽማግሌ ጋር መከራከር ደግሞ አልችልም፤ ለእርቅ የወሰድኳቸውን ሰዎች መንገድ ላይ ላስቀይም? መስኮቱን ዘጋሁት። ጉዞው ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በእጄ ጀርባ ክብ እየሠራሁ እጠርጋለሁ፤ ክቡ ወዲያው ይደፍናል። በክቡ ውስጥ፣ ከዚያም በጠባቡ መስታወት ውስጥ፣ ከዚያም በጠብታዎቹ መካከል ቢጫ ነገር ይታየኛል። ይከተሉኛል፣ ብዬ አምናለሁ። ዝናቡ ጣሪያውን እንደ ጠጠር ይመታዋል፤ ለመነጋገር መጮህ አለብን።

«ብልጭ አለ» አሉ መምሬ ወልዴ። የኋላው መስታወት አጠገብ ስለሆኑ እሳቸው አዩ።

«ብልጭ ይላል እንግዲህ፤ ሐምሌ አይደል» አልኩ። መብረቅ ነው የመሰለኝ። ትንሽ ቆይተው እንደገና «ብልጭ አለ እኮ!» አሉና አማተቡ። «ስሙ ይክበር፣ ከዚህ ከፍታ ላይ ይጠብቀን።» ጋሽ ንጉሤም አማተቡ። እኔም መሪውን በአንድ እጄ ይዤ አማተብኩ። ሦስታችንም ለመብረቅ አማተብን።

ነጎድጓድ እንዳልተሰማ ልብ ያለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ስድስት ሰዓት፣ ጎረቤላ

የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንገባ ጉሙ ትንሽ ተገለጠ። ከአንዲት ሻይ ቤት ፊት ቆምኩ። ከኋላዬም መብራቱ ቆመ። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይመስገን፣ ደረስን። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ለጋሽ ተሰማ በር ልከፍት ሮጥኩ።

አይሱዙ ነበር። የጭነት አይሱዙ፣ ሸራ ለብሶ ሲሚንቶ የጫነ። ጃንጥላዬን ይዤ ሹፌሩ በር ስር ቆምኩ።

«ምነው ጋሼ፣ ልታወርደኝ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ከኋላዬ ፒካፕ ነበር። ነጭ ፒካፕ።»

«እሱማ ከላይ ዞረ እኮ። ገደሉ ጫፍ ላይ። ብልጭ ብልጭ ሲያደርግልህ፣ ክላክስ ሲያጮህልህ፤ አንተ ትሄዳለህ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጉም ነው፣ ሊቀድምህ አልቻለም። ከዚያ እኔን አሳልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። ዘመዶችህ ናቸው?»

በጣቴ ስፖኪዮዬን አሳየሁት። ደግ ሰው ነው፤ ወርዶ አየው። «ይኼማ የቤት መስታወት ነው» አለ። «ድንች የለህም? ድንች ለሁለት ቁረጥና በተቆረጠው በኩል እሸው፤ መስታወቱ ግን ደረቅ ይሁን። ይድረቅና በጨርቅ ጥረገው። ውኃው አይቆምብህም። የበሩንም መስታወት ከውስጥ እንደዚያው። መስኮት ደግሞ ጣት ያህል ክፈት።» ከጋቢናው ግማሽ ድንች አውጥቶ ሰጠኝ። ተቀብዬ እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። ምን ያደርግልኛል?

ስልክ ደወልኩ፤ የዳዊት ስልክ አይገኝም። የጋሽ ተሰማም አይገኝም። ሻይ ቤቱ ገብተን በሃያ ሃያ ብር ሦስት ሻይ አዘዝን፤ ማንም አልጠጣም።

«እንመለስ» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «ሰውዬው ታመው ይሆናል። ያለ ዋስ የሚሄድበት የለም።»

«እዚህ ደርሰን?» አልኩ እኔ። «ሐሙስ እኮ ፍልሰታ ነው ጋሼ። መጥተናል ብንላቸው፣ መምጣታችንን ቢያዩ...»

መምሬ ወልዴ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። ሰው የሚፈልገውን ከዝምታ ውስጥ ያገኛል።

ሰባት ሰዓት፣ የአቶ ደምሴ ግቢ

መኪናዋን መንገድ ዳር ትተን በጭቃ አሥር ደቂቃ ወጣን። አቶ ደምሴ ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ካባ ላይ ላስቲክ ደርበው፣ የቦዩን ውኃ በዶማ እየመሩ። ሲያዩን ዶማውን አስደገፉ። መምሬን መስቀል ተሳለሙ፣ ጋሽ ንጉሤን ጨበጡ። እኔን አላዩም።

«ዋሱ የታሉ?»

«ከኋላ ናቸው አባባ» አልኩ። «ትንሽ መንገድ ይዟቸው ነው።» ፒካፑ መመለሱን እያወቅኩ ነው ይህን ያልኩት።

«እንግዲያ እንጠብቃቸዋ» አሉና በሩ ላይ ቆሙ። እኛም ዝናብ ላይ ቆምን። አስካለ ከቤቱ በር ላይ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ወጣች። ከስታለች። ሰላም አላለችኝም፤ ግን አልገባችም።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር እየጮኸ ነው የሚናገረው፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ? ብልጭ ባደርግ፣ ክላክስ ባጮህ! ትንፋሻቸው ተቆርጦ ነበር! ሆስፒታል ገባን። አሁን ኦክስጅን ላይ ናቸው። ሰማህ?»

ሰማሁ። ሁሉም ሰማ። 

አቶ ደምሴ አሁን አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ከኋላ ናቸው አልከኝ» አሉ። «ዋስህን ከመንገድ ጥለህ መጥተህ፣ ከኋላ ናቸው አልከኝ። ለባለቤቴ አርባም መንገዱ ተበላሽቷል አልከን። ለምን ትመጣለህ? ልትዋሸኝ?» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «መምሬ፣ ጋሽ ንጉሤ፣ ይግቡ፣ እሳት ይሙቁ፤ እናንተ እንግዶቼ ናችሁ። እሱ ግን እዚያው ይቁም።»

ሽማግሌዎቹ አልገቡም። ያንን ክብር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቀን ሙሉ ነፋስ ሲፈሩ የነበሩት መምሬ ዝናብ ላይ ከኔ ጋር ቆሙ።

አስካለ ወደ በሩ መጣች። ስሜን ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ጋሽ ተሰማ መድኃኒታቸውን ይዘው ነበር? የሚነፋውን?»

«አላውቅም።»

«ማን አብሯቸው አለ?»

«ዳዊት።»

«ዳዊት ብቻውን ምን ያውቃል?» አለች። ድምጿ ደከመ። «ሂድ። እዚህ አትቁም። ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው።» ነጠላዋን አጥብቃ ገባች። በሩም ተዘጋ፤ ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው።

ስምንት ሰዓት፣ መልስ

ድንቹን ቀባሁ። ሽማግሌዎቹ መኪናዋ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ የስፖኪዮውን መስታወት በጋሽ ንጉሤ ነጠላ ጫፍ አድርቄ፣ ድንቹን እሽ አድርጌ፣ ደግሜ ጠረግኩ። እውነትም ሠራ። ውኃው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ገና ሳንነሳ መምሬ ወልዴ ሳልጠይቃቸው በራሳቸው በኩል መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ጋሽ ንጉሤም ዝቅ አደረጉ። ብርዱ ገባ።

ዳገቱን ስንወጣ ስፖኪዮው እንደ ጥቅምት ጠራ። ጥቁሩ አስፋልት፣ ጉሙ፣ ከመንገዱ ዳር ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች፣ ሁሉም ይታያል። መንገዱ ላይ ግን ከኋላዬ ማንም የለም። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲህ ነዳሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

ጋሽ ተሰማ አልጋ ላይ ነበሩ፤ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ፣ ፊታቸው ላይ የደከመ ሰው ፈገግታ። ዳዊት ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፤ አልፈርድበትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው።

«ደረሳችሁ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ደረስን ጋሼ።»

«ደምሴ ተቀበለህ?»

ዳዊት ዞሮ አየኝ። መምሬ ወልዴ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ሐኪሙ «እንዳይረበሹ» ብሎን ነበር። ይህን ሰበብ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

«ተቀበሉን» አልኩ።

«አስካለስ?»

«ስለ እርስዎ ጠየቀች። በመጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እርስዎ ነው።» ይኼ እውነት ነበር፤ ስለዚህ ቀሪውም እውነት መሰለ።

ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን» አሉ። «ስምንት ዓመት ይከብደኝ ነበር። ዋስነቴ ወረደልኝ።» ከዚያ እንደ ሕፃን ተኙ።

ቤቴ የገባሁት ሳይመሽ ነው። ለአንባቢ የሚጠቅም ነገር ከዚህ ጉዞ ብትጠብቁ፣ ይኸው፦ ስፖኪዮ ከመነሳታችሁ በፊት በደረቁ ይጠረግ፤ ሳሙና ከሆነ ስስ ይሁንና እስኪጠፋ ይታሽ፤ ድንች ይሻላል። ሁለት ጨርቅ ያዙ፤ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። የቤት መስታወት አታስለጥፉ። መስኮቱን ጣት ያህል ክፈቱ፤ ሽማግሌ ቢቆጣም ክፈቱ፤ ቁጣው ያልፋል። ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ መብራቱን አይታችሁ አትመኑ፤ ቆማችሁ ፊቱን እዩ። ይህን ሁሉ ተማርኩ። ሚስቴን ግን አልመለሰልኝም።

ሐሙስ ፍልሰታ ገባ። ሰኞ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። ጋሽ ተሰማ ድነው ቤታቸው ገብተዋል፤ ዳዊትም መምሬም እውነቱን እስካሁን አልነገሯቸውም። ጋሽ ተሰማ በየጠዋቱ ይደውሉልኛል። «አስካለን ሰላም በልልኝ» ይሉኛል። እኔም ባዶውን ክፍል እያየሁ «እሺ ጋሼ፣ እነሆ አጠገቤ ናት» እላቸዋለሁ።